«ቫዝሊን ብቻ»

ነርሷ «ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳላስብ ነው የመለስኩት። «ቫዝሊን ብቻ።»

ውሸቴን ነበር። በዚያች ሰዓት ቤቴ ውስጥ፣ ከመታጠቢያ ክፍሉ መስታወት ጀርባ፣ ከባለቤቴ ምላጭ አጠገብ፣ ግማሹ ያለቀ የማዲያት ክሬም ተቀምጧል። ማታ ማታ ሳልቀባው አልተኛም። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ነርሷ አልተከራከረችኝም። የነገርኳትን ጻፈችና አንዲት ትንሽ የሽንት ዕቃ አቀበለችኝ። ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ ይኖር እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ ነው፣ ነፍሰ ጡሮችን እንጠይቃለን፣ ካልፈለግሽ መተው ትችያለሽ አለችኝ። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሜርኩሪ ስትል ትዝ ያለኝ የድሮው የትኩሳት መለኪያ ነው። ልጅ ሆኜ አንዱን ሰብሬ ነበር። ባዚቃው ወለሉ ላይ እንደ ጨሌ ሲንከባለል በጣቴ ሳባርረው እማዬ ያቀመሰችኝ ኩርኩም እስካሁን አናቴ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ እኔና ሜርኩሪ የት ተገናኝተን?

«እጅሽን በሳሙና በደንብ ታጠቢ። የዕቃውን ውስጥ እንዳትነኪ» አለችኝ። እሺ ብዬ ገባሁ። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ክሬም የነካ ጣት የዕቃው አፍ ላይ ካረፈ፣ ላብራቶሪው የሚለካው ከሰውነቴ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ከጣቴ የተላቀቀውንም ነው።

ማዲያት የያዛት ሴት ታሪኬን ታውቀዋለች። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ጉንጮቼና ግንባሬ ላይ ካርታ የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣብኝ። «ስትወልጂ ይጠፋል» አሉኝ። ወለድኩ፣ አልጠፋም። «ጡት ስታስጥይ ይጠፋል» አሉኝ። አስጣልኩ፣ አልጠፋም። ፓውደር እየደረብኩ መኖር ጀመርኩ።

ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ነገሩ ማዲያት ብቻ አልነበረም። ጠይም ነኝ። ጠይም በዘፈን ይወደሳል። ሙሽራ ስትመረጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀይ ናት?» ነው። አዲስ አበባ ስሄድ አክስቶቼ በር ላይ «ውይ፣ ቀላሽ!» ካሉኝ አሜሪካ ተስማምቶኛል ማለት ነው። «ጠቆርሽ» ካሉኝ ደግሞ የደረሰብኝን መከራ ቁጭ አድርገው ይመረምሩኛል። ይሄንን እየሰማሁ አድጌ ማዲያቱ ብቻ ነው ያስጨነቀኝ ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል።

ክሬሙን የላከችልኝ ዱባይ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ናት። «በሦስት ሳምንት ካልቀላሽ ገንዘብሽን እመልሳለሁ» አለችኝ። ገንዘብ አልከፈልኳትም፣ ቀልዷን ነው። በሦስት ሳምንት እውነትም ቀላሁ። ማዲያቱ ገረጣ። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ምን ተገኘ?» አሉኝ። ሰው ይሄንን ሲሰማ ክሬሙ ማጭበርበሪያ ይመስለዋል። አይደለም፤ ይሠራል። ቆዳችን ቀለሙን የሚያመርተው መዳብ በያዘ አንድ ኢንዛይም ነው። ሜርኩሪው ገብቶ የመዳቡን ቦታ ይይዛል፣ ቀለሙ መመረቱ ይቆማል። ችግሩ እዚያ ላይ የሚቆም አለመሆኑ ነው።

ካርቶኑ ላይ ሜርኩሪ የሚል ቃል የለም። በኋላ እንደተማርኩት አንዳንዱ ላይ «ካሎሜል» በሚል የሜርኩሪ ጨው ስም ይጻፋል፣ አብዛኛው ላይ ግን ጭራሽ አይጻፍም። የእኔው ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ወርቅና ብር አያስነኩት ይላል። እኔም ታዛዥ ነኝ። ማታ ማታ የጋብቻ ቀለበቴን አውልቄ ሲኒ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ! ወርቅ የሚያበላሽ ነገር ፊቴን እንዴት ያሳምረዋል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ሜርኩሪ ወርቅ ካገኘ ይጣበቃል፣ ውህድ ይሆናል። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ከአሸዋው የሚለዩት በዚሁ ጠባዩ ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለቀለበቴ ታዝኖለት ነው። ለእኔ አልተጻፈም።

በአስረኛው ቀን ስልክ ተደወለ። «ውጤትሽ 31 ነው» አለችኝ የደወለችው ሴትዮ። 31 ምን? በአንድ ግራም ክሬአቲኒን 31 ማይክሮግራም ሜርኩሪ። አብዛኛው ሰው ከ5 በታች ነው፣ 5 ካለፈ ምክንያቱን እንፈልጋለን አለችኝ።

ክሬአቲኒኑን ሳልገልጽ ማለፍ አልፈልግም፣ ውጤቱን ለማንበብ እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነውና። ጡንቻችን የሚፈጥረው፣ ኩላሊት በየቀኑ ተቀራራቢ መጠን የሚያስወጣው ነገር ነው። ውሃ በብዛት የጠጣ ሰው ሽንቱ ይቀጥናል። በቀጠነው ሽንት ውስጥ ሜርኩሪውም ያነሰ ይመስላል። በቡና ላስረዳ። አቦሉም በረካውም የሚቀዳው ከአንዲት ጀበና፣ ከአንድ ቡና ነው። በረካውን ብቻ የቀመሰ እንግዳ «ቡና ቆጥባ ነው» ብሎ ባለቤቲቱን ቢያማ ሐሜቱ የእሱ ጥፋት ነው። ክሬአቲኒኑ ለላብራቶሪው «ይሄ አቦል ነው፣ ያ በረካ ነው» ብሎ ይነግረዋል። የእኔ አቦልም ሆነ በረካ ያው 31 ነው ማለት ነው።

ሴትዮዋ ጥያቄዋን ቀጠለች። የተሰበረ ቴርሞሜትር? የለም። የጥርስ ሙሌት? የለም። ዓሣ? እዚህ ላይ ነፍሴ መለስ አለች። ዓሣ! በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቀሳውስቱ ትቼ እኔ እበላለሁ፣ እንዲያውም ቱና በቆርቆሮ አዘወትራለሁ። «እሱ ነው የሚሆነው» አልኳት በደስታ።

አልሆነም። የዓሣው ሜርኩሪ ሌላ ዓይነት ነው አለችኝ። ሜቲል ሜርኩሪ ይባላል። ጃፓን ሚናማታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው፣ ዓሣ በላተኛውን ሕዝብ የጨረሰው እሱ ነው። የሚታየው በደምና በፀጉር ነው፣ ከሰውነት የሚወጣውም በብዛት ከሰገራ ጋር ነው። ሽንት ውስጥ የሚገኘው ግን የተነነው ሜርኩሪና የጨው ዓይነቱ ነው፣ ኩላሊት ላይ የሚከማቸው። በአጭሩ ሽንት ስለ ዓሣ ብዙም አያወራም።

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። በስልክ እንዲህ ያለ ዝምታ ያስጨንቃል። «አንድ ክሬም አለ» አልኩ በመጨረሻ።

«ዛሬውኑ አቁሚው። እንዳትጥይው ግን። ሁለት ፕላስቲክ ውስጥ ቋጥረሽ አቆይልን» ብቻ አለች። ስለ ቫዝሊኑ አላነሳችብኝም።

እኔ በምኖርባት ሚኒሶታ ውስጥ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም ለካ። የግዛቲቱ ጤና መምሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከየሱቁ 27 የቆዳ ማቅያ ምርቶችን ሰብስቦ ሲያስመረምር 11ዱ ሜርኩሪ ተገኘባቸው። ትንሹ 135፣ ትልቁ 33,000 ፒፒኤም፤ ከሚሊዮን እጅ 33,000 እጅ ማለት ነው። በአሜሪካ ሕግ ለፊት ክሬም የሚፈቀደው፣ ያውም ሳይታሰብ ሾልኮ ለገባ፣ ከ1 በታች ነው። 33,000 ማለት 100 ግራም ክሬም ውስጥ 3.3 ግራም ሜርኩሪ ነው። ከዚያ ወዲያ ክሬም ነው ለማለት ይከብዳል።

በሳምንቱ ከጤና መምሪያው ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ። አንዱ መሣሪያ የተሸከመ ፈረንጅ፣ አንዷ አማርኛ ተናጋሪ። አማርኛው ለእኔ ሳይሆን ለእማዬ ነበር። ትልቁን ልጄን ልትይዝልኝና አራስ ልትጠይቀኝ ቀደም ብላ ከአዲስ አበባ መጥታለች። እማዬ መሣሪያውን ስታይ «የመብራት ቆጣሪ ሊያነቡ ነው?» አለችኝ። ልጅቷ ሰምታ ሳቀች። «አይ እማማ፣ ቅባት ልናይ ነው» አለቻት። «ቅባት ለማየት ይሄ ሁሉ? በሉ መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ቡናው ደርሷል።»

ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ወደ መታጠቢያ ክፍል ገባ። ትራፊክ ፖሊስ ፍጥነት የሚለካበትን የሚመስል ነገር ክሬሙ ላይ ደገነ። ጥቂት ሴኮንድ ጠበቀና ስክሪኑን አሳየኝ። 14,000 እና ምናምን። ቀጥሎ ሌላ ሣጥን መሰል መሣሪያ አወጣ። አየር ይስባል፣ በአየሩ ውስጥ የተነነ ሜርኩሪ ካለ ቁጥር ያሳያል። በዚያ ቤቱን ሁሉ ማሽተት ጀመረ። የፊት ፎጣዬ ላይ ቁጥሩ ወጣ። ትራሴ ላይ ወጣ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከፍቶ ቱቦውን አስገባ፣ እዚያም አለ። የባለቤቴ ትራስ ላይ ቀንሶ፣ ግን አለ። እሱ እኮ ከሳሙና ሌላ ፊቱን ምንም ነክቶት አያውቅም።

ከዚያ ሶፋው ላይ ወደተጣለው ጋቢ ሄደ።

ጋቢው እማዬ ራሷ ፈትላ ለመጀመሪያ ልጄ መታረሻ ያሠራችልኝ ነው። ማታ ፊቴን ተቀብቼ እሱን እደርባለሁ፣ ልጄ እቅፌ ውስጥ ይገባል፣ ጉንጩን ጉንጬ ላይ ይለጥፋል፣ ተረት እያወራሁለት ይተኛል። ሁለት ዓመት። መሣሪያው ቁጥሩን ሽቅብ ይዞት ሮጠ። ሰውዬው አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ልጁ አየና ቱቦውን አነሳ።

«መጣል አለበት ይላል» አለች ልጅቷ ለእማዬ።

«ጋቢ ይታጠባል እንጂ ይጣላል?»

«እማማ፣ ከታጠበ ማሽኑን ይበክላል። አይለቅም።»

«በእጄ አጥበዋለሁ።»

«በእጅዎማ ጭራሽ አይሆንም።»

እማዬ ሌላ አልተናገረችም። ተነስታ ጋቢውን በሥርዓት አራት አጠፈችው። ሙሽራ የምትሸኝ ነው የምትመስለው። ሰውዬው ጓንት አድርጎ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ሲከተው ዐይኗን አዙራ ጀበናውን ማማሰል ጀመረች። ጀበና እንደማይማሰል ለማንም ኢትዮጵያዊ መንገር የለብኝም።

ልጄም ሽንቱ ይመርመር ተባለ። የሦስት ዓመት ልጅ በቀጠሮ አይሸናም። እኔ ዕቃ ይዤ ተንበርክኬ ስለምን፣ እማዬ «ሺሺሺሺ» እያለች ውሃ እየከፈተች፣ ትንሹ ሰውዬ ግን በራሱ ሰዓት፣ ካርቱን ሲያይ፣ ሱሪው ላይ። በሁለተኛው ቀን ተሳካልን። ውጤቱ 12 ሆነ። አንድም ቀን ክሬም ያልተቀባ ልጅ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ነገሩ የእኔ ጉዳይ ነበር። የፊቴ፣ የመስታወቴ፣ የምሥጢሬ። 31ን ስሰማ ደነገጥኩ እንጂ አላለቀስኩም። 12ን ስሰማ መኪና ውስጥ ተቀምጬ መንዳት አቃተኝ። ካሊፎርኒያና ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሜክሲኮ የመጣ ክሬም ሲጣራ፣ በ5 ቤተሰብ ውስጥ 22 ሰዎች ሽንታቸው ውስጥ ከፍ ያለ ሜርኩሪ ተገኝቶባቸዋል። ከነሱ መካከል ክሬሙን ነክተውት የማያውቁ ነበሩ። እነሱ በፎጣ፣ በትራስ፣ በመሳሳም፣ በቤቱ አየር ነው ሊያገኙት የሚችሉት።

ሕፃናት ላይ የሚያመጣውን ዓለም ረስቶት ነው እንጂ ያውቀው ነበር። ያው ካሎሜል የሚባለው ነገር በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት በዱቄት መልክ ይሰጥ ነበር። እጅና እግራቸው ይቀላል፣ ይልጣል፣ እንቅልፍ ያጣሉ፣ ብርሃን ይጠላሉ። ዱቄቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከገበያ ሲወጣ በሽታውም አብሮ ሊጠፋ ደረሰ። ክሬሙም ቢሆን ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። ናይሮቢ ላይ እ.ኤ.አ. በ1972 ሐኪሞች ሰውነታቸው አብጦ፣ በሽንታቸው ፕሮቲን እየፈሰሰ የመጡ 60 የኩላሊት ሕሙማንን ጠየቁ። ከግማሽ በላዩ የቆዳ ማቅያ ክሬም ተጠቃሚ ሆኖ ተገኘ። ይሄ የሆነው እኔ ሳልወለድ ነው። የክሬሙ ካርቶን ብቻ ነው የዘመነው።

ወሬው ወጣ መቼስ። እኛ ዘንድ ምን ተደብቆ ያድራል? አንዲት ጓደኛዬ «መርዝ የሚያጥብ ቦታ አውቃለሁ» ብላ ደወለችልኝ። መጀመሪያ አንድ ክኒን ይሰጡሻል፣ ከዚያ ሽንትሽን ይለኩና ስንት ብረት ሰውነትሽ ውስጥ እንዳለ በቀለም የተሠራ ወረቀት ይሰጡሻል አለችኝ። የእሷ ሦስት ብረት ቀይ ላይ ነበር። ሐኪሜን ጠየቅኳት። ክኒኑ ብረትን ከሰውነት ጎትቶ ወደ ሽንት የሚያወርድ ነው፤ ጤነኛ ሰውም ቢውጠው ቁጥሩ ይወጣል አለችኝ። ከዚያ ያንን የተጎተተ ቁጥር ክኒን ካልዋጠ ሰው መደበኛ ቁጥር ጋር ያወዳድሩታል። በእርግጥም ቀይ ይሆናል! የአሜሪካ የሕክምና ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅ ይሄ አሠራር በሳይንስ ያልተረጋገጠ፣ ጥቅሙ ያልታየ፣ ሊጎዳም የሚችል ነው ብሎ አቋሙን በጽሑፍ አውጥቷል። ለጓደኛዬ ስነግራት ተቀየመችኝ። ብዙ ብር አውጥታበታለች።

ሽንት ታዲያ ሁሉን ያያል ማለት አይደለም። ሳክራሜንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት ሴት ምላሷ ተያይዞ፣ መራመድ አቅቷት ሆስፒታል ገባች። ደሟ ውስጥ በሊትር ከ2,600 ማይክሮግራም በላይ ሜርኩሪ ተገኘ። ሽንቷ ውስጥ ግን 110 ብቻ። የእሷ ክሬም ውስጥ የገባው ያ የዓሣው ዓይነት፣ ሜቲል ሜርኩሪ ነበርና። ለዚህ ነው እኔንም ደም የወሰዱኝ። ደሜ ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሐኪሜ ትእዛዝም ቀላል ሆነ፤ መድኃኒት የለም፣ ምንጩ ይወገድ፣ ውሃ ጠጪ፣ በሁለት ወር ነይ።

ሁለት ወር ያለችው በዘፈቀደ አይደለም። ይሄ ዓይነቱ ሜርኩሪ በግምት በሁለት ወር ውስጥ ከሰውነት በግማሽ ይቀንሳል። ፎጣ፣ ትራስ፣ አንሶላ፣ ማሽኑም ሳይቀር ወጣ። ባለቤቴ አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገር አዲስ ማሽን በብድር ገዛ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ወር፦ 16። አራት ወር፦ 8። ልጄ ከእኔ ቀድሞ ከ5 በታች ወረደ። ማዲያቴም ተመለሰ፣ በእርግዝናው ላይ ተደርቦ፣ ከበፊቱ ጠቆር ብሎ። የቆዳ ሐኪሟ እስክትወልጂ የፀሐይ መከላከያና ባርኔጣ ብቻ አለችኝ። እማዬ የእኔን ፊት እያየች «አያትሽን መሰልሽ» ትለኛለች። ሙገሳ ይሁን ሐዘን እስካሁን አልለየሁትም።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ዱባይ መደወል። አራት ሳምንት አመነታሁ። ክሬሙን የላከችልኝ በፍቅር ነው፤ ቅሬታ እንዳይመስልባት ፈራሁ። ደግሞ እሷ ከእኔ በፊት ጀምራዋለች። ምናልባት አምስት ዓመት። በመጨረሻ አንድ እሑድ ማታ በቪዲዮ ደወልኩላት። ፊቷ ስልኩን ሞልቶ ወጣ። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጉንጮቿ ላይ ደም ሥሯ የሚታይ። ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል የሚተኙ ሦስት ሴቶች ከኋላዋ ይስቃሉ።

ሁሉን ነገርኳት። 31ን፣ 12ን፣ ጋቢውን። ዝም ብላ ሰማችኝ። ጨርሼ «አንቺም ሽንትሽን ተመርመሪ፣ አብረውሽ የሚተኙት ልጆችም ይመርመሩ» አልኳት።

«እኔ?» አለች፣ ስልኩን ከፊቷ ራቅ አድርጋ። «እኔማ ድሮ ትቼዋለሁ። ቫዝሊን ብቻ ነው የምቀባው።»